ኮላ የተበላበት ቃል

ኡሬዲያ ሦስት ልጆች ወልዳ ሁለቱን በሕፃንነታቸው ቀበረች፤ ባሏንም ቀበረች፤ ከዚያ በኋላ ሞት ራሱ የሰለቸው ይመስል ተዋት። በኡሙዴሬ መንደር፣ ወደ ገበያ በሚወስደው ቀይ መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮው የዛገ ግቢው ግን ሁልጊዜ የተጠረገ ቤት ካያችሁ የእሷ ነው። ከበረንዳው ፊት ለፊት የባሏ የኦኮሪዬ መቃብር አለ። ሰው በገዛ ግቢው ነው የሚቀበረው፤ ሌላ ቦታ የሚቀበር ዘመድ የሌለው ወይም ዘመድ የጠላው ነው። ስለዚህ ኡሬዲያ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያዋን ይዛ ስትወጣ ባሏን ሰላም ትለዋለች፣ የገበያውን ወሬ ትነግረዋለች፣ አንዳንዴም ትቆጣዋለች፤ በሕይወት እያለም ከዚህ የበለጠ አይመልስላትም ነበር። ከመቃብሩ ጎን ባዶ መሬት አለ፤ ለእሷና ለልጇ የተተወ ነው። ይህን ስትጠርግ ታለቅሳለች ብላችሁ ግን እንዳታዝኑላት። የዘንባባ ፍሬ ቀቅላ፣ ወቅጣ፣ ዘይቱን ጨምቃ፣ ተሸክማ የምትሸጥ ሴት ለማልቀስ ወገቧም አይፈቅድላትም።

የቀረላት አንድ ልጅ ኡዞንዱ ነው። ኦዌሪ ከተማ ጄነሬተር ይጠግናል፤ እጁ ሁልጊዜ ዘይት፣ አፉ ሁልጊዜ ሳቅ። ታዲያ ይህ የዓይኗ ብሌን፣ ይህ ስንት ለቅሶ አልፎ የተረፈላት ልጅ ምን አደረገ? የማዶዋን ልጅ ወደደ።

ማዶ ማለት ከኢሙሪ ወንዝ ባሻገር ያለው ሰፈር ነው። የማዶ ሰዎች ኦሱ ናቸው። ድሮ፣ ማንም በማያስታውሰው ዘመን፣ ቅድመ አያቶቻቸው ለአንድ ጣዖት ተሰጥተው ነበር፤ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ጣዖቱ ከተቃጠለ ስንት ዘመኑ፤ በቦታው ትምህርት ቤት ተሠርቶበታል፤ ሰዎቹ ግን ዛሬም የእሱ ናቸው ይባላል። እሁድ እሁድ ሁሉም አንድ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ አንድ መዝሙር ይዘምራል፣ ከአንድ ቄስ እጅ ይቆርባል፤ ከደጅ ሲወጣ ግን ጨዋው በዚህ፣ ኦሱው በዚያ። ከኦሱ መግዛት ይቻላል። ከኦሱ መበደርማ በደንብ ይቻላል። ማግባት ግን አይቻልም፤ ያገባ እሱም ኦሱ ነው፣ ልጁም፣ የልጅ ልጁም። ለራሳቸው ሻይ ማፍላት የማያውቁ ሽማግሌዎች ማን ንጹሕ ማን ርኩስ እንደሆነ በመለየት ግን የሚያህላቸው የለም።

«ማን ናት አልከኝ?» አለች ኡሬዲያ።

«ኦላንማ። ልብስ የምትሰፋው። የዴዴ ኦንየክዌሬ የእህት ልጅ።»

ኡሬዲያ ፍሬ የምትወቅጥበትን ዘነዘና ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ከማዶ?»

«ከማዶ።»

«ኡዞ፣ እዚህ መንደር ሴት አልቆ ነው? የማዚ ኢቤ ቤት ብቻ አምስት ልጃገረድ አለ። ያቺ ጥርሷ ገፋ ያለው እንኳ ሥራ ታውቃለች።»

«ጥርሷን አላየሁትም እማ። ያየሁት ኦላንማን ነው።»

«እሺ፣ አየህ። አሁን ዓይንህን መልስ።»

«የሰፋችልሽን ቀሚስ ለብሰሽ እኮ ነው የምትቆጪኝ።»

እውነቱን ነው። ኡሬዲያ የለበሰችውን ቀሚስ ቁልቁል አየችው፤ ወገቡ ላይ ልክክ ያለ፣ አንድ ክር ያልወጣበት ቀሚስ። ለአፍታ ሳቅ አፏ ላይ ደርሶባት ነበር። ያን ጊዜ ብትስቅ ኖሮ… ይህ ታሪክ እዚሁ ባለቀ፣ እኛም ወደየሥራችን በሄድን። አልሳቀችም። ሳቋን ዋጠችና ተነስታ ወደ ባሏ ታናሽ ወንድም ወደ ማዚ ኦኑዋ ቤት ሄደች።

ኮላ የሚሉት መራራ ፍሬ ሳይቆረስ ቁም ነገር አይጀመርም፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ኮላ ተቆርሶ የተነገረ ቃል ደግሞ እንደሌላው ቃል አይደለም። የዘመድ ሸንጎው ፍሬውን አኝኮ ሲውጥ ቃሉንም አብሮ ይውጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉ የተናጋሪው መሆኑ ይቀርና የበሉት ሁሉ ይሆናል። ሴት ኮላ አትቆርስም። ስለዚህ ኡሬዲያ ሸንጎው ፊት ቆማ ቃሏን ተናገረች፣ ማዚ ኦኑዋ ደግሞ በቃሏ ላይ ኮላውን ቆረሰላት። ሰው ፊት ቆሞ መቁረስ ነፍሱ ነው፤ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

«ልጄ ኡዞንዱ የማዶዋን ሴት ካገባ» አለች ኡሬዲያ፣ «የአባቱ አፈር አይቀበለው።»

ወንዶቹ አኘኩ። ዋጡ።

ሐሳቧ ማስፈራራት ነበር። እናት ልጇን «እሳት ይብላህ» ስትል እሳት ታነዳለች እንዴ? ይሰማል፣ ይደነግጣል፣ ጥቂት ቀን ያኮርፋል፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል ብላ ነበር። ኡዞንዱ ሰማ። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። በወሩ ኦዌሪ ውስጥ ኦላንማን በቤተ ክርስቲያን አገባ፤ ከአባቱ ወገን አንድ ሰው እንኳ አልመጣም። ሙሽራን መላው ቤተ ዘመድ «ሚስታችን» ብሎ ነው የሚጠራት፤ ኦላንማን እንዲህ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ልጅ ወለዱ፤ ማራቺ አሏት። አራስን ውሃ አሙቆ ማጠብ፣ በርበሬ የበዛበት ሾርባ ማጠጣት የአያት ሥራ ነው፤ የኦላንማ እናት ሞታለች፣ ኡሬዲያ አልሄደችም፤ ኡዞንዱ ራሱ ፎጣ ነክሮ ሚስቱን አረሰ። የገበያ ሴቶች ለሳምንት ሳቁ። «ያንቺ ልጅ አራስ ቤትም ይጠግናል አሉ» አሏት። ኡሬዲያ ከእነሱ ጋር ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን እራት አልወረደላትም።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። እሁድ እሁድ አንዳንዴ መጥተው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በወዲያኛው ረድፍ ይቀመጣሉ። ከቅዳሴ በኋላ ኡዞንዱ ብቻውን መጥቶ «እማ ደህና ነሽ?» ይላታል፤ «ደህና ነኝ» ትለዋለች። ልጅቷን ከሩቅ ታያታለች። ግንባሯ የኦኮሪዬ ነው፤ ቁርጥ የኦኮሪዬ። ኡሬዲያ ይህንንም አይታ ዝም አለች። ዝም ማለት እንዴት ያደክማል… ከባድ ጀሪካን ከመሸከም ይብሳል።

ሕመሙን የሰማችው ገበያ ነው። «ልጅሽ ኩላሊቱ ሥራ አቆመ አሉ፤ ሰውነቱ አበጠ አሉ» አለቻት አንዲት በርበሬ ሻጭ፣ የበርበሬ ዋጋ እንደምትነግር ሰው። ኡሬዲያ ዘይቷን እዚያው ትታ ሞተር ብስክሌት ላይ ወጣች። ሆስፒታሉ ውስጥ ኦላንማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አጥሚት በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ስፌት መኪናዎቿን ሸጣለች፤ አንድ አሮጌ በእጅ የሚዞር ብቻ ቀርቷታል። አማቷን ስታይ ተነስታ ቦታ ለቀቀች።  

«እማ» አለ ኡዞንዱ። ዓይኑ ካበጠው ፊቱ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፤ ሳቁ ግን አለ። «ዘይቱን ለማን ተውሽው?»

«ለሌባ» አለች። እጁን ያዘችው፤ የያዘችበት የጣቷ አሻራ ሥጋው ላይ ቀረ።

ብዙ አላወሩም። ኡዞንዱ ግን አንድ ጥያቄ ነበረው። «እማ፣ አባባ ጎን ያለው ቦታ… አለ አይደል?»

ኦላንማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለዚያ ቃል ታውቃለች፤ አገር ያውቃል።

«አለ» አለች ኡሬዲያ። «ጠዋት ጠርጌው ነው የመጣሁት።»

ዝናቡ ሊገባ ሲል ሞተ። እናት የመጨረሻ ልጇን ስታጣ ምን ትሆናለች? ትጮሃለች? ፀጉሯን ትነጫለች? ኡሬዲያ አስከሬን ማቆያው ደጅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሬ አሞኛል አለች። ኦላንማ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱም ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ኡሬዲያ «ቤቱ አስገባዋለሁ» አለች። «እኔ ያበላሸሁትን እኔ አስተካክለዋለሁ።» ኦላንማ ራሷን ነቀነቀች፤ አምናት ሳይሆን፣ ለመከራከር አቅም ስለሌላት።

ሸንጎው ከማንጎው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ኡሬዲያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

«ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልወስደው መጥቻለሁ።»

ማዚ ኦኑዋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሚስታችን፣ ቃሉ ያንቺ ነበር። እኛ በላነው። የበላ ሁሉ ተሰብስቦ ለቅቄዋለሁ ካላለ አይፈታም። ከበሉት መሃል የሞቱ አሉ። ማዚ ኢቤ የት አለ? ሄደሽ መቃብሩን ታናግሪዋለሽ?»

«ማስፈራራቴ ነበር እኮ። አንተም ታውቃለህ።»

«እኔ የማውቀው መቁረሴን ነው።»

አንድ ሽማግሌ አዘነላት፤ ቢያንስ ያዘነ መሰለ። ወዲያና ወዲህ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ኦኑዋ የወንድሜ ልጅ ነውና ሬሳውን አናባርርም አለ። ይግባ፤ ከአባቱ ጎን ባይሆንም ከአጥሩ ሥር ይቀበር። የማዶዋ ሴት ግን ደጃፉን አትረግጥም። የኡዞንዱ ድርሻ መሬትም ወደ ቤተ ዘመዱ ይመለሳል። የትኛው መሬት? የኦኑዋ ልጆች ካሳቫ ተክለው ሲበሉት የኖሩት መሬት ነዋ። ስለ ባህል ሲነሳ እኮ ከሥሩ ካሳቫ ይጠፋል ብላችሁ ነው?

«የልጅ ልጄስ?» አለች ኡሬዲያ።

«የቷ ልጅ?» አለ ኦኑዋ።

ኡሬዲያ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። ማዶ ተሻግራ፣ ለለቅሶ አጎቷ ቤት ለተመለሰችው ለኦላንማ ነገረቻት። ኦላንማ የማራቺን የለቅሶ ቀሚስ በእጅ መኪናዋ እየሰፋች ነበር፤ እጀታውን ማዞር አላቆመችም።

«ከአጥሩ ሥርም ቢሆን ይግባ» አለች። «ቤቱን ነው የፈለገው፤ እኔ አልከለክለውም። እኛ መንገድ ላይ እንቆማለን። መቆሙን ለምደነዋል።»

የቀብሩ ቀን ጠዋት አምቡላንሱ እየጮኸ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ግቢው ድንኳን ተጥሎበታል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ቄሱ መጽሐፋቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ በዘመድ ነገር አልገባም ብለዋል። ሬሳውን ሊያወጡ የመጡት የኡዞንዱ የአጎት ልጆች ናቸው፤ አብረውት ከሰው ዛፍ የኡዳራ ፍሬ እየለቀሙ የተገረፉ፣ አንድ አልጋ ላይ ተደራርበው ያደጉ። ኡሬዲያ እጃቸውን አየች። የላስቲክ ጓንት አጥልቀዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አንደኛው አንገቱን ደፋ። «ለንጽሕና ነው እማማ።»

«ኩላሊት ነው የገደለው። ኩላሊት በምን ይጋባል?»

ልጁ ጓንቱን ወደ ላይ ሳበ።  አባቱ ኦኑዋ ከኋላው ቆሟል።

ከመንገዱ ማዶ፣ የውሃ መውረጃው ቦይ ዳር፣ ኦላንማ ልጇን ይዛ ቆማለች። የማራቺ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ ሕፃን ልጅ መንሾካሾክ መቼ ያውቅበታል?

«እማ፣ አባባ ሲገባ እኛ መቼ ነው የምንገባው?»

«እኛ ከዚህ ሆነን እናያለን።»

«ከዚህ እኮ አይታይም።»

ኡሬዲያ ይህን ሰማች። ስንት ዓመት ሙሉ ያልሰማች ጆሮ ይህን ሰማች። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ወደ አምቡላንሱ ሾፌር ሄዳ መስኮቱን አንኳኳች።

«መኪናውን አዙረው።»

«ወዴት እማማ?»

«ወደ ማዶ።»

ሰው ሁሉ ተነሳ። ማዚ ኦኑዋ በትሩን ይዞ ፈጠን ብሎ መጣ። «ሚስታችን፣ ሐዘን ነው። ውሃ ጠጪና አረፍ በይ።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ሬሳ ተከትለሽ ከዚህ በር ከወጣሽ አትመለሺም። አንቺም የእነሱ ትሆኛለሽ። ከወንድሜ ጎን ያለው ቦታም ያንቺ አይሆንም። ገባሽ?»

«ኦኑዋ» አለችው፤ እንደ ሌላው ጊዜ ማዚ ብላ አላከበረችውም። «ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስመጣ ንፍጥህን የምጠርግልህ እኔ ነበርኩ። ጓንት አላጠለቅኩም።»

ወደ ባሏ መቃብር ዞራ ትንሽ ቆመች። ምን አለችው? ማንም አልሰማም። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ የማራቺን እጅ ያዘች፤ «ሚስቴ፣ ነይ ግቢ» አለቻት ኦላንማን፤ ሦስቱም ከሬሳው ጋር ተሳፈሩ። ቄሱ መጽሐፋቸውን አጥፈው ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ በእግራቸው ተከተሉ። ለሳቸው ደግሞ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ማዶ እልልታ ጠበቃቸው ብላችሁ እንዳታስቡ። የማዶ ሰዎችም ሰው ናቸው፤ ቂም ያውቃሉ። አምቡላንሱ ሲቆም ሴቶቹ ወገባቸውን ይዘው ከየደጃቸው ወጡ።

«ዛሬ ማዶ አማራችሁ?» አለች አንዷ። «ልጃችንን ስትጠሉ ኖራችሁ፣ የጠላችሁትን ሬሳ ደግሞ ለእኛ?»

ኡሬዲያ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት። «ልክ ነሽ» አለች። «ሁሉንም ብትይኝ ልክ ነሽ። ግን አስቀድመን እንቅበረው፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ። የትም አልሄድም።»

ሴትዮዋ ስድቡን ገና መጀመሯ ነበር፤ አፏን ከፍታ ቀረች። ዴዴ ኦንየክዌሬ፣ የኦላንማ አጎት፣ አሮጌ ሰውዬ፣ ከቤቱ ዶማ ይዞ ወጣና ከእህቱ መቃብር ጎን መሬቱን መታ። ወጣቶቹ ተቀበሉት። ሬሳውን በባዶ እጃቸው አወጡት፤ የሳጥኑ ጠርዝ የአንዱን መዳፍ ላጠው፣ እሱም በሱሪው ጠርጎ መልሶ ያዘው። ኡሬዲያ ያን እጅ አየች… ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለሁለቱ ሕፃናት፣ ለባሏ፣ ለዚህኛው፣ ለሁሉም በአንድ ላይ።

ወደ ኡሙዴሬ አልተመለሰችም። ቤቷ ተቆለፈ፤ ካሳቫው እየገፋ የኦኮሪዬ መቃብር ደረሰ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ስትቀመጥ አብረዋት ያረጁ ሴቶች ወዲያ ጠጋ ይላሉ፤ ገበያ ላይ ዘይቷን የሚገዙ ይገዛሉ፣ እጇን ሳይነኩ። እሷም አትለምናቸውም። ከኦላንማ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ፤ አንዷ ትሰፋለች፣ አንዷ ፍሬ ትወቅጣለች፣ ማራቺ መሃላቸው ሆና ሁለቱንም ታዛለች። በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ኡሬዲያ አንድ ነገር ትጠይቃለች።

«ሚስቴ፣ ይቅር አልሽኝ?»

«ዛሬ ደክሞኛል እማ። ነገ ጠይቂኝ።»

«እሺ።»

በማግስቱ ትጠይቃለች። «ይቅር አልሽኝ?» «ይሄን ቀሚስ ሳልጨርስ?» በሌላው ቀን፦ «ዛሬስ?» «ዛሬ እሁድ ነው፣ በእሁድ ሥራ የለም።» እየቆየ ማራቺ ራሷ «እማማ፣ ሰዓቱ ደርሷል፣ ጠይቂያት» ማለት ጀመረች። ኡሬዲያ ከልጇ ሞት ወዲህ ፈገግ ያለችው በዚህች ብቻ ነው። ሰውነቷ ግን እየሟሸሸ፣ ትንፋሿ እያጠረ ሄደ፤ ዘነዘናውን ማንሳት አቃታት፤ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላ የስፌት መኪናውን ድምፅ እየሰማች ትውላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ኦላንማ የአንገት ጥልፍ ላይ ነበረች። ክሯን በጥርሷ በጠሰች። አንድ ነገር የጎደለ መሰላት።

«እማ፣ ዛሬ አልጠየቅሽኝም።»

ዝናቡ ብቻ መለሰ።

ኦላንማ ውሃ አሞቀች። አማቷን ራሷ አጠበቻት፤ እንደ አራስ፣ ከፀጉሯ እስከ ተረከዟ፣ በሞቀ ውሃ። ስታጥባት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ አወራቻት። «ይቅር ብዬሻለሁ። ድሮ ነው ያልኩሽ፣ ያን ቀን መኪናው ውስጥ። ስትጠይቂኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። በሕይወቴ ከእናንተ ወገን ማንም ምንም ለምኖኝ አያውቅም ነበር።»

ከልጇ ጎን ቀበሯት። ከኡሙዴሬ ማንም አልመጣም። ዕድሏ ነው አሉ እዚያ፣ የተጻፈላት ይኸው ነው አሉ፣ ኮላቸውን እያኘኩ። ዕድል ምስኪኑ ስንቱን ይሸከም? ሰው ተናግሮ፣ ሰው ቆርሶ፣ ሰው የዋጠውን ነገር ሁሉ ለእሱ ያሸክሙታል፤ እሱም አፍ ስለሌለው እኔ አይደለሁም አይልም። በማዶ ግን ሴቶቹ ሦስት ቀን ከለቅሶ ቤቱ አልጠፉም። ያቺ ተሳዳቢዋም ነበረች፤ ስድቧን ሳትጨርስ ስለቀረች ይሆናል፣ ከሁሉም ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ናት።